በቀኙ የኋላ በር ላይ ስላለው መዳፍ

ለከተማችን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ክቡር ዋና ዳይሬክተር፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጤናዎ ሦስት ድርብ አንቲሩጂኒ እንደ ጠጣ ላሜራ ዝገት የማይደፍረው፣ እንቅልፍዎም በደንብ እንደ ደረቀ ስቱኮ ስንጥቅ የሌለበት ይሁንልዎ። መኪና የሚቀባ ሰው ለሰው የሚመኘው ከዚህ የበለጠ ነገር ስለሌለው ስጦታዬን አይናቁብኝ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል የሚያመኝ ቦታ ይኖር እንደሆነ ፈልጌ አላገኘሁትም ማለቴ ነው።

ከሙዚየሙ ጀርባ፣ ከጎማ ቤቱ ቀጥሎ ባለችው ጋራዥ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ቀለም ስቀባ የኖርሁ ሰው ነኝ። ማክሰኞ ረፋድ ላይ የጽሕፈት ቤትዎ ማኅተም ያረፈበት የሥራ ትእዛዝ ደረሰኝ። ትእዛዙ «ፍጥነት ሲያርፍ» በተባለው የጥበብ ሥራ ላይ፣ ማለትም በመኪናው ላይ፣ በቀኙ የኋላ በር ከመክፈቻው ዝቅ ብሎ የሚታየው «ባለቤትነቱ ያልተረጋገጠ የእጅ አሻራ» እስከ ዓርብ ድረስ ተፍቆ እንዲነሳ፣ ቦታውም ከቀሪው ቀለም ጋር እንዲመሳሰል ያዛል። ያ አሻራ የታናሽ ወንድሜ መዳፍ ነው። ወንድሜ ከሞተ ሰባት ወሩ ነው። በዚህ ዓለም ላይ ከእሱ እጅ የቀረን ያ ብቻ ነው።

ከትእዛዙ ጋር የተያያዘው ቅጽ ቅሬታ ያለው ሰው «በቁጥር ለይቶ፣ በትሕትና ቃል» እንዲያቀርብ ይላል። እኔም በቁጥር ለይቻለሁ፤ ትሕትናዬንም እንደሚያዩት ነው። ደብዳቤውን ለሕዝብ ግልጽ ያደረግሁት ባለፈው አሽጌ የላክሁት ማመልከቻ ምን ይዞብኝ እንደ መጣ ስላየሁ ነው። አራተኛውን ቁጥር በቦታው መጻፍ አቅቶኝ ዘልዬዋለሁ፤ ወደ መጨረሻው ላይ እመለስበታለሁ።

አንደኛ፤ መኪናውን ስለ መግዛትዎ ሳይሆን መኪናውን ከመኪናነት ስለ ማዳንዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ያ ረጅም፣ ወንበሩ የለሰለሰ ቆዳ፣ በሩ ሲዘጋ ከሹክሹክታ ያነሰ ድምፅ የሚያሰማ መኪና ለክቡርነትዎ መሄጃ ተብሎ የመጣ ጊዜ፣ ጣሪያው የሚያፈስ ሙዚየም አለቃ ይህን ምን ያደርግለታል ብለው ያጉረመረሙ ምቀኞች ነበሩ። ክቡርነትዎ ግን ማንም ያላሰበውን አሰቡና ሥዕል ይሣልበት አሉ። ከዚያች ቀን ወዲህ መኪናው ቅርስ ሆነ፤ ቅርስን ደግሞ ለምን መጣህ ብሎ የሚጠይቅ ባለጌ የለም። በሳምንት ስድስት ቀን ዙሪያውን ገመድ ታስሮለት በአዳራሹ መሐል ይቆማል። ሙዚየሙ በሚዘጋበት በሰኞ ቀን ደግሞ ቅርሱ ራሱ ወጥቶ ከተማውን ይጎበኛል። ባለፈው ሰኞ ከአንድ ትምህርት ቤት በር ላይ ሁለት ሕፃናትና ሦስት ቦርሳ ሲያወርድ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ጥበብን ለትውልድ ማስተላለፍ ይሉታል ይህ ነው ብዬ ለጎማ ቤቱ ጎረቤቴ ብነግረው፣ «አንተ ሰውዬ፣ አፍህን ብትይዝ ምናለበት፣ በኋላ ሥራ ያሳጡሃል» አለኝ። ምክሩን እንዴት እንደ ተቀበልሁት ከዚህ ደብዳቤ ይረዱታል።

ሁለተኛ፤ ታላቁን ሠዓሊ ስለ መረጡልን አመሰግናለሁ። እርሳቸው ጋራዣችን ድረስ ባይመጡም በአንድ ቅጠል ወረቀት ላይ ሦስት ሞገድ ሥለው ልከውልናል። ከሥዕሉ ሥር «ቀለሙ ሰማያዊ ሆኖ ሰማያዊ ያልሆነ፣ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ብርሃን ትቶት የሚሄደው ዓይነት ይሁን» የሚል ትእዛዝ ነበረበት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ የሚል ጽሑፍ ያለበት ጣሳ ገጥሞኝ አያውቅም። ወንድሜ ግን ወረቀቱን አነበበና ሳቀ፤ «ጋሼ፣ ሰውየው እንዲህ የሚዞሩት እኮ ጥቀርሻ የነካው ሰማያዊ ፈልገው ነው» አለኝ።

ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ሊሾ በሚል ስም ነው። የእሱ እጅ ያለፈበት ላሜራ እንደ ተወለወለ የሲሚንቶ ወለል ለጥ ስለሚል የወጣለት ስም ነው። በእኛ ሥራ ስቱኮ ተሞልቶ በብርጭቆ ወረቀት ከተፋቀ በኋላ፣ ወጣ ገባ ይኑረው አይኑረው የሚታወቀው በዓይን አይደለም፤ ዓይን ይሸነገላል። ዓይንን ጨፍኖ መዳፍን ማሳለፍ ነው። የእኔ ጣቶች ደግሞ ከደነዘዙ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሐኪሙ ቲነር ነው ብሎኛል። ጣቶቼ መስማት ካቆሙ ጀምሮ በእኔ ፋንታ ይሰማ የነበረው የሊሾ መዳፍ ነው። እኔ እረጫለሁ፣ እሱ ይዳስሳል፤ «እዚህ ጋ ትንሽ ጉብ ብሏል፣ ጋሼ» ሲለኝ እደግመዋለሁ። በዚህች ከተማ ውስጥ ተጋጭቶ የዳነ መኪና ካለ ያ መዳፍ ያላለፈበት ጥቂት ነው። ምናልባት የክቡርነትዎ የቀድሞ መኪናም አልፎበት ይሆናል።

ቀለም ሲያዋህድ አይመዝንም፣ ቁጥርም አይጽፍም። ጠብ ያደርጋል፣ በእንጨት ያማስላል፣ ከዚያ በግራ አውራ ጣቱ ጥፍር ላይ ነካ ያደርግና ወደ በሩ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ያየዋል። ጥፍሩ ምንጊዜም አንድ ቀለም ስለማያጣው እናታችን «ልጄ፣ ወይ አሥሩንም ተቀባ ወይ ተወው» እያለች ትቀልድበት ነበር። የእርስዎን መኪና ቀለም ለማግኘት ሁለት ቀን ሙሉ ወደ በሩ ሲወጣና ሲገባ ውሏል። ሠዓሊው የተላከላቸውን ናሙና አይተው «አዎን፣ በሕልሜ ያየሁት ይህንኑ ነበር» አሉ። ዛሬ በመኪናው አጠገብ በቆመው ሰሌዳ ላይ ቀለሙ በሠዓሊው ስም መጠራቱን አንብቤያለሁ። በሕልም ያየ ሰው ይቅደም መባሉ ተገቢ ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ምድር ቤቱ። መኪናው ወደ ጋራዣችን ይምጣልን ብለን በጠየቅን ጊዜ የንብረት ክፍል ኃላፊው «ጥበብ ጋራዥ አይገባም» አሉን። ስለዚህ ኮምፕሬሰራችንን፣ መርጫችንንና ጣሳዎቻችንን በጋሪ ጭነን እኛው ወደ ጥበብ ሄድን። የሙዚየሙ ምድር ቤት መስኮት የለውም፤ የነበረው በጣሪያው ላይ ያለ አንድ የአየር መውጫ ነው። በሦስተኛው ቀን የቲነሩ ሽታ በዚያው መውጫ አድርጎ ወደ ላይኛው የስብሰባ አዳራሽ ዘለቀ። በአዳራሹ ውስጥ «ጥበብ ለጤናማ ኅብረተሰብ» በሚል ርእስ የሚወያዩ እንግዶች ነበሩና ራስ ምታት ያዛቸው። ኃላፊውም ወርደው መውጫው እንዲታሸግ አዘዙ። ያሸገው ሊሾ ነው። በራሳችን ላስቲክ፣ በራሳችን የወረቀት ፕላስተር፣ መሰላል ላይ ቆሞ ጠርዙን በመዳፉ እየተጫነ አሸገው። ሥራ ማበላሸት ስለማያውቅ ትንሽ ቀዳዳ እንኳ አላስቀረም።

ደረቱ ከልጅነቱ ጀምሮ እንደሚያፍነው ለኃላፊው ነግሬያቸው ነበር። «የቀረው ስድስት ቀን ነው፣ በሩን ገርበብ እያደረጋችሁ ሥሩ» አሉኝ። በሩ ገርበብ ሲል አቧራ ይገባና እርጥብ ቀለም ላይ ያርፋል። ስለዚህ በሩን የዘጋነው እኛው ነን፤ ያንን በክቡርነትዎ ላይ አልጽፍም። እያንዳንዱ እንደየሥራው ይጻፍለት።

አምስተኛ፤ ስለ ምርቃቱ። ወንድሜ የተቀበረው በዚያው ዕለት ነው። የእንግዶች መኪና መንገዱን ስለሞላው ጠጠር መጣያ አልነበረም፤ እኛም በጓሮ መንገድ ዞረን ሄድን። በማግስቱ ጋዜጣው የበሩን ፎቶ ይዞ ወጣ፤ በበሩ ላይ ያለውም የእጅ አሻራ የሥራው ሁሉ እምብርት ነው ተባለ። በሰሌዳውም ላይ «የሠዓሊው መዳፍ፤ ፍጥነትን በባዶ እጅ የማስቆም ድፍረት» ተብሎ ተጻፈ። ሠዓሊው የማን እጅ እንደሆነ ሲጠየቁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው ማለት ሲችሉ ፈገግ ብለው ዝም ማለታቸውን ሰምቻለሁ። ትሕትና ነው ብለው የጻፉም አሉ። በዚያው ሳምንት ለጋራዣችን «ለላቀ ትብብር» የሚል የምስክር ወረቀት ደረሰን፤ የተቀባዩ ስም የሚጻፍበት መስመር ባዶ ነበር። እናታችን መስመሩን አየችና «ይሄ ደግሞ ለማን ነው?» አለችኝ። 

ስድስተኛ፤ ስለ እናታችን። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሙዚየሙ በነጻ እንዲጎበኝ ስለ ፈቀዱ በእርሷ ስም አመሰግናለሁ። ሰባት ወር ሙሉ አንድም ሐሙስ አላመለጣትም። ጫማዋን ወልውላ፣ ነጠላዋን አጣጥፋ ትሄድና በአዳራሹ ውስጥ ያለውን ሌላ ሥዕል ቀና ብላ ሳታይ ከመኪናው በስተቀኝ ትቆማለች። መዳፉን ያወቀችው ማንም ሳይነግራት ነው። ጠቋሚ ጣቱ ጫፍ የለውም። ሊሾ የአምስት ዓመት ልጅ ሳለ የጓዳው በር ቆርጦበት ነው፤ በሩን የዘጋችው እሷ ነበረች። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ውስጥ በር የምትዘጋው አስቀድማ ከጀርባው አይታ ነው። አሁንም፣ ቤት ውስጥ ብቻዋን ሆና፣ አይታ ነው የምትዘጋው።

በመጀመሪያው ሐሙስ እጇን ከገመዱ አሻግራ ስትዘረጋ ጥበቃው «እማማ፣ አይነካም!» ብሎ ጮኸባት። እሷም «የኔ ልጅ፣ እኔኮ አጥቤ ያሳደግሁት ነው» አለችው። ግራ ገብቶት አጠገቧ ቢመጣ ጎደሎውን ጣት አሳየችው፤ የሆነውንም ነገረችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ እናቴ ስትገባ ያ ጥበቃ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ይጀምራል። የሚያደርገው ጫማ ክር የሌለው ነው። ክቡርነትዎ ፈልገው እንዳይደክሙ አስቀድሜ ልንገርዎ፤ ጥበቃዎቹ ሦስት ናቸው፣ የሦስቱም ጫማ ክር የለውም። እሱ ጎንበስ ባለ ጊዜ እናቴ በገመዱ ሥር አልፋ ጣቷን ያ ጫፍ በጎደለበት ቦታ ላይ ታሳርፍና ትመለሳለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባኛል። ያ በር ክቡርነትዎ ሰኞ ሰኞ የሚገቡበት በር ነው። መክፈቻውን ሲይዙ የእርስዎ አንጓ ከወንድሜ መዳፍ በላይ በሁለት ጣት ርቀት ላይ ያርፋል። የወለደችው ሴት በሁለት ሜትር ርቀት ገመድ ጀርባ እንድትቆም ደንቡ ያዛል። ደንብ ነውና አልከራከርም።

ሰባተኛ፤ ስለ ማመልከቻዬ። ከሁለት ወር በፊት በሰሌዳው ላይ አንዲት መስመር እንድትጨመር በትሕትና ጠይቄ ነበር፤ መዳፉ የሠዓሊው ሳይሆን የቀለም ቀቢው ነው የምትል መስመር። ስሙ እንኳ እንዲጻፍ አልጠየቅሁም። ክቡርነትዎም ጉዳዩን በቸልታ ሳያልፉ አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴው የሠዓሊውን እጅ በሜትር ለካ፤ ጣቶቻቸውን ቆጠረ፤ ሁሉም ከነጫፋቸው ተገኙ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። በዚህም መዳፉ የእርሳቸው አለመሆኑ በሙሉ ድምፅ ተረጋገጠ።

እኔ ሞኙ መስመሯን ስጠብቅ የመጣልኝ ውሳኔ ሌላ ነው። መዳፉ የሠዓሊው ካልሆነ «ከሥራው ጋር ግንኙነት የሌለው፣ በባዕድ እጅ የደረሰ ጉዳት» ነውና ይወገድ ተባለ። አምስት ወር ድፍረት ሆኖ የኖረው ነገር በአንድ ከሰዓት በኋላ ጉዳት ሆነ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል እንዲህ ነው፤ ሠዓሊውን ዋሹ ከማለት እጁን መፋቅ ይቀላል። ፋቂ ሲፈለግም ቀለሙን የሚያውቀው የእኛ ጋራዥ ነው ተብሎ ትእዛዙ ለእኔው ተጻፈ። ትእዛዙን ያመጣው መልእክተኛ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙ» ሲለኝ ፈረምሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ማመልከቻ ጽፌ ይህን በእጄ ያመጣሁት እኔው ነኝ። ዝም ብዬ ብሆን ኖሮ መዳፉ በሰው ስም ተሸፍኖ ይኖር ነበር።

አሁን ወደ ዘለልሁት ልመለስ።

አራተኛ፤ ይህኛው ቅሬታ በክቡርነትዎ ላይ አይደለም። በቅጹ ላይ «ቅሬታ የቀረበበት አካል» ከሚለው ፊት የምጽፈው ራሴን ነው።

በዘጠነኛው ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ፣ የመጨረሻውን ድርብ ረጭቼ ጨረስሁ። ሊሾ ከመኪናው በስተቀኝ ቆሞ መብራት ይዞልኝ ነበር። መብራቱ ዝቅ አለ። «ጋሼ» አለኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ዞር ስል በግራ እጁ ደረቱን ይዞ፣ ቀኝ መዳፉን በሩ ላይ፣ ገና እርጥብ የሆነው ቀለም ላይ አስደግፎ ቆሟል። ክቡር ሆይ፣ ሠላሳ ዓመት የቀባ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው መጀመሪያ የሚያየው በሩን ነው። እኔም መጀመሪያ ያየሁት በሩን ነው። ፊቱን አላየሁም። «አበላሸኸው!» ብዬ ጮኽሁበት።

እሱም እጁን አነሳ። እንዴት እንዳነሳው ግን ልንገርዎ፤ ኮሚቴዎ ይህን አላጣራምና። እርጥብ ቀለም በስሕተት የተነካ እንደሆነ እጅን ወደ ጎን አይስቡትም፤ ከሳቡት ጥፋቱ ይሰፋል። ቀጥ አድርገው፣ ቀስ ብለው፣ አምስቱን ጣት እኩል ያነሱታል። ከእኔ የተማረው ነው። ትንፋሽ አጥሮት እያለ እጁን ያነሳው በዚያ ደንብ ነው። የእጁ መስመር ሁሉ ሳይቀር የጠራ ሆኖ የወጣው፣ ጋዜጣውም አድንቆ ያልጠገበው ጥራት የመጣው ከዚያ ነው። እኔ ስለ ጮኽሁበት ተጠንቅቆ አነሳው። ከዚያ ወደቀ።

በምድር ቤቱ ውስጥ የነበረው መኪና አንድ ብቻ ነው። ቁልፉ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። የንብረት ክፍል ኃላፊው በጩኸቱ ደርሰው ነበርና ቁልፉን ስመለከት አይተው «ኧረ ቀለሙ እርጥብ ነው!» አሉኝ። እኔም አልተከራከርሁም። ቀለም እርጥብ ነው ሲባል ሰውነቴ ራሱ ይቆማል፤ ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ስለው የኖርሁት ቃል ነው። ሊሾን በጀርባዬ አዝዬ ወደ ዋናው መንገድ ወጣሁ፤ መኪና እስካገኝም ብዙ ቆምሁ። በአራተኛው ቀን በሐኪም ቤት አረፈ። በመሐሉ አንድም ቃል አልተናገረም፤ ይስማኝ አይስማኝም አላውቅም። ስለዚህ ከእኔ ሰማ ብዬ በእርግጠኝነት የምናገረው የመጨረሻ ቃል «አበላሸኸው» የሚለው ነው።

በቀብሩ ላይ አላለቀስሁም። ሰዎች አልቅስ፣ ይውጣልህ ይሉኛል። ጣቴ ላይ የጀመረው ነገር ወደ ውስጥ የዘለቀ ይመስለኛል፤ ጠዋት እነሳለሁ፣ ጋራዡን እከፍታለሁ፣ ስቱኮ እሞላለሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ መዳፌን በላሜራው ላይ አሳልፋለሁ፤ ምንም አይሰማኝም። ደንበኞች ቀለሙ ወጣ ገባ አለው እያሉ መኪናቸውን መመለስ ጀምረዋል። እውነታቸውን ነው።

ስለዚህ ለሥራ ትእዛዙ የምሰጠው መልስ አይሆንም ነው። ሥራው ከብዶኝ እንዳይመስልዎ። በቁጥር ስድስት መቶ የብርጭቆ ወረቀት፣ በውኃ፣ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። የወንድሜን መዳፍ መስመር በመስመር ስፍቀው እጄም አይሰማውም፣ እኔም አይሰማኝም፤ እንደ ማንኛውም ጭረት ፍቄ፣ እጄን ታጥቤ ወደ ቤቴ ልገባ እችላለሁ። እንደምችል ስለማውቅ ነው እምቢ ያልሁት። አበላሸኸው ብዬ አንድ ጊዜ ጮኼበታለሁ፤ በብርጭቆ ወረቀት ደግሜ አልለውም።

በምትኩ ለክቡርነትዎ የሚመች ሐሳብ አቀርባለሁ። ማመልከቻዬን ስቤያለሁ። መዳፉ የሠዓሊው ነው ብለው ይጻፉ። ያለ ማስገደድ፣ በፈቃዴ፣ በምስክር ፊት እፈርማለሁ። ጣቱ ለምን ጎደለ ያለ ሰው ቢመጣ ሠዓሊው ጫፉን ለጥበብ ሲሉ ደብቀውት ነው ይበሉት፤ ከዚህ የባሰም ታምኗል። ድፍረት የሚለውንም ቃል ይመልሱት። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ ስሙን ለእናንተ ትቼላችኋለሁ። እናቴ ሐሙስ ሐሙስ የምትሄደው ስም ልታነብ አይደለም፤ ማንበብም አትችልም። መዳፉን ብቻ ተዉላት።

ከክቡርነትዎ ገመድ ውጭ፣ በተፈቀደው የሁለት ሜትር ርቀት ላይ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የቆመ፤ ለላቀ ትብብሩ ባዶ መስመር የተሸለመ፤ የክቡርነትዎን በር ከፍቶ ሳይሆን ቀብቶ ያስረከበ፤ ታዛዥነቱ በዚህ በአንድ ጉዳይ ብቻ የጎደለ፤

ቀለም ቀቢው፣ የሊሾ ታላቅ ወንድም።

ማስታወሻ፤ ሥራውን ለሌላ ጋራዥ ይሰጡ እንደሆነ ባለሙያው እንዳይቸገር ይህን ያስታውቁልኝ። ቀለሙ ቁጥር የለውም፤ ያዋሐደው ሰው በጥፍሩ እንጂ በወረቀት አልያዘውም። ጥፍሩ እንደ ተቀባ አብሮት ተቀብሯል። ከጣሳው ሥር የተረፈችውን በእናቴ ትእዛዝ የመቃብሩን የብረት አጥር ቀብቼባታለሁ። እናም ኮሚቴዎ መዳፉን ፍቆ ቦታውን የሚያመሳስልበት ናሙና ካስፈለገው ያለው እዚያ ብቻ ነው። ገመድ የለበትም፣ ሰኞም አይዘጋም፣ መንካትም ይፈቀዳል።